ለፋሉን ጠዋት የተላከ ምርቃት

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት

ለምወድህና ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ በፋሻ ጠምጥመህ ያሳየኸኝ ቁርጭምጭሚትህስ ዳነልህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ስለ እማዬ ደጋግመህ ጠይቀሃል። አሁን ምንም አያማትም። ያ እንቅልፍ የሚነሳት የጉልበቷ ቁርጥማት እንኳ ትቷታል።

ስትደውል ያላነሳሁት ድምፄ ስለተዘጋ ነው። ጉንፋን በለው። የእማዬም ስልክ እኔው ዘንድ ነው፤ ቻርጅ አላደረግሁትም፣ እንዳትቆጣ። የጎረቤታችን ልጅ ጌቱ ለሥልጠና ወደ ስዊድን ስለሚመጣ ይህን በእጁ ሰጥቼዋለሁ።

የፋሉን ከተማው የበረዶ ሸርተቴ ውድድር የመጨረሻዬ ነው፣ ከዚያ በኋላ ስኪውን እሰቅላለሁ ብለሃል። እንደ ወትሮው በውድድሩ ጠዋት እማዬ ደውላ ትመርቀኝ ብለህም ለምነኸኛል። ወንድሜ፣ ይህን መልእክትህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። መደወሏን አትጠብቅ። ምርቃቱን ግን ለእኔ ነግራኛለች፤ ከታች ታገኘዋለህ።

አጎታችን ሙላት በልጅነትህ ወደ ስዊድን ይዞህ የሄደ ሰሞን፣ እዚህ ሜዳውም መንገዱም በበረዶ ጠፍቷል ብለህ የጻፍከው ትዝ ይልሃል? እማዬ ታዲያ ምኑን ያርሱታል ብላ ስትጨነቅ ከረመች። ለእሷ በረዶ ገብስ የሚመታ እንጂ ሰው የሚሮጥበት መች መሰላት! በስኪ የተነሳኸው የመጀመሪያው ፎቶ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱን ዘንጎች አይታ፣ ልጄ በሁለት መቋሚያ ሊያሸበሽብ ነው ብላ እልል አለች። ለስዊድን ቡድን የተመረጥክ ቀን ሰማያዊና ቢጫ ልብስህ ሳስቶባት፣ ይህን የሚያህል አገር አንድ ጋቢ ያጣል ወይ ብላ ተቆጣች። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ከቤት ወጣሁ።

የአንተ ሩጫ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ነው፤ ግን ማጣሪያ አለ፣ ከዚያ ስድስት ስድስት እየሆናችሁ እስከ ፍጻሜው፣ በአንድ ቀን አራት ጊዜ። እሷ ደግሞ አንተ ሳትጨርስ ውሃ አትቀምስም ነበር። ገና በመጀመሪያው ዙር ስትወድቅ እኔ ስልኩን ልወረውር ስደርስ፣ እሷ ተመስገን፣ ዛሬ እንኳ ምሳ በጊዜ ቀረበ ትለኛለች። ሦስተኛ ወጥተህ ከመድረኩ የቆምክ ዕለት እህል የቀመሰችው ሲመሽ ነው። ረሃብ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም አለች።

አንዴ ደግሞ ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ብለሃት፣ የካቲት አሥራ አንድን ጾማ ዋለችልህ። አንተ ተሸንፈህ ቤትህ ከገባህ ሳምንት አልፎሃል። ብነግራት፣ እሱ ቀን አይጠፋበትም ብላኝ ጾሟን ጨረሰች። እንዲህ ነበረች እማዬ። ናት ማለቴ ነው።

ሰሞኑን በሕልሜ አየኋት። በማለዳ ከደጀን አፋፍ ሲያዩት ዓባይ ሸለቆ በጉም ሞልቶ ሜዳ የሚመስለው ነገር አለ አይደል? እንደዚያ ያለ ነጭ ሜዳ ላይ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ ትሄዳለች። ዱካዋ አይታይም። አይበርድሽም ወይ አልኳት። ዞራ ሳቀችብኝ፤ ልጄ የኖረበት ምኑ ይበርዳል አለችኝ። ተከተልኳት፤ እሷ ግን እንዳንተ ፈጠነችብኝ። ስነቃ ትራሴ ርሷል። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ያ ነጭ ነገር ከዓይኔ አልጠፋም፣ ደስም አለኝ።

ቤቱ ሰው በሰው ነው። አክስታችን የኔአለም ከመርጡለ ማርያም እንደመጣች አልተመለሰችም፤ የእድሩም ወንበሮች ገና ግቢው ውስጥ ናቸው። ፎቶ ላኪልኝ ላልከው፣ ጠጉሬን ከሥሩ ስለተቆረጥኩ አላምርም፤ ይቆይህ።

የነፍስ አባታችንን አባ ገብረ ሚካኤልን አማክሬያቸዋለሁ። አንዳንዱ ነገር በስልክም በወረቀትም አይሆንም፣ ሰው ዘመድ ከቦት ነው የሚሰማው አሉኝ። እማዬም ሕመሙ የጠናባት ጊዜ፣ ሩጫውን ሳይጨርስ ልጄን እንዳታስደነግጡት ብላ አስምላኛለች። ተናድጄባታለሁ። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። አንተን ደብቄ ማደር ምን እንደሚመስል እሷ መች አወቀችው? ናፍቀኸኛል ወንድሜ። ብቻዬን ከብዶኛል።

ስለዚህ ሩጥና ና። የአጎታችን ልጅ ደመላሽ የኔአለምን ይዞ ቦሌ ይጠብቅሃል፤ ብቻህን አውቶቡስ እንዳትሳፈር። መንገድ ላይ አድራችሁ ቤት የምትገቡት ማለዳ ነው። ለምን ብለህ አታስጨንቃቸው።

እጄን ይዛ ያለችው እንዲህ ነው፦ እግርህን እንቅፋት አያግኘው። ቁልቁለቱ ይለስልስልህ፣ ዳገቱ ይጠርልህ። ፊተኛም ሁን ኋለኛ በሰላም ግባ። ከወጣህበት ደጅ የሚቀበልህ አትጣ። አሜን በል፤ እኔም በአንተ ፈንታ ብያለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሁልጊዜ መስመሩን ካለፍክ በኋላ ወደ ካሜራው ዞረህ "እማዬ!" ትል የለ? ፋሉንም ላይ በል፣ እንዳታስቀርብኝ።

"ወዬ" የምልህ እኔ ነኝ።

እህትህ