«አሁንም አለ እንዴ?» ላላችሁኝ፣ ስለ መኪናው ብድር

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ብድር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ለእርስዎም፣ ለባልደረቦችዎም፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ለሚሰበሰበው የብድር ኮሚቴም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። የኮሚቴውን ጤና የምመኘው ለይስሙላ አይደለም። ባለፈው ወር አንድ አባል ጉንፋን ይዞት ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ ጉዳዬ ለቀጣዩ ስብሰባ ተሸጋግሯል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለማላውቀው ሰው ጉሮሮ መጸለይ አላቋረጥሁም።

የእኔን ጤና በተመለከተ እናንተው ቀድማችሁ ጠይቃችኋል። ያለፈው ማክሰኞ ከአራተኛው መስኮት ፊት ለፊት ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ የመስኮቱ ሠራተኛ ወደ ጎረቤቷ ጎንበስ ብላ «ይሄ ሰውዬ አሁንም አለ እንዴ?» ስትል ሰማሁ። ልቤ ተነካ። በዚህ ዘመን የሰውን መኖርና አለመኖር ጉዳዬ ብሎ የሚጠይቅ ስንት ሰው ቀርቷል? የገዛ ወንድሜ እንኳ የሚደውልልኝ ሲቸግረው ነው። እንዲህ ያለውን አሳቢነት በዝምታ ማለፍ ነውር ስለሆነ መልሴን በአደባባይ እሰጣለሁ፦ አለሁ።

ያለሁትም ስለ አንድ መኪና ስል ነው። እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሌሎችን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሳስተካክል ኖሬያለሁ፤ መንዳትም አልችልም። የሚነዳው አባቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ ከስድሳ በላይ ነድቶ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ «አባ ዝግታ» ይሉት ነበር። የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው ብሎ ቤተሰቡን አንድም ቀን አሳፍሮ አያውቅም። ልጅ ሆኜ ዝናብ ላይ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ በፊቴ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግልኝ ነበር፤ እሱንም አጠር አድርጎ። ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አስረከበ፤ እነሱም በምትኩ የምስጋና ወረቀትና ከቆዳ የተሠራ የቁልፍ መያዣ ሰጡት። ቁልፍ የሌለው መያዣ ይኸው ሰባት ዓመት ኪሱ ውስጥ አለ።

ከዛሬ አሥራ አራት ወር በፊት የዓይን ሐኪሙ፣ የዓይኑ ግፊት እየጎዳው መሆኑን ነግሮት፣ ለመንዳት የሚበቃ ብርሃን የሚቆይለት ዓመት፣ ቢበዛ ዓመት ተኩል ነው አለው። አባቴ ከክሊኒኩ ስንወጣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሱን መኪና፣ የወንበሩ ላስቲክ ሳይነሳ፣ ከመሸጫው በር እስከ ቤታችን በር አንዴ እንዲነዳ። በአባ ዝግታ ፍጥነት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ሾፌሩን ቀስ እያስባለ ለክቶታል። ያገለገለ መኪና ይሻለናል ብዬ ባግባባው «ያገለገለ ከፈለግህ እኔ አለሁልህ» አለኝ። ባንካችሁም ላገለገለ መኪና ስለማያበድር፣ ከአባቴ ጋር ሳትተያዩ ተስማምታችኋል።

ከዚህ በታች የምዘረዝረው ቅሬታ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። አድናቆት ነው፤ የተቆጠረ አድናቆት።

አንደኛ፣ ስለ ፕሮፎርማው። መኪና ሻጩ ድርጅት የሚሰጠኝ የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ዕድሜው ሰባት ቀን ነው። እናንተ ደግሞ ዕድሜው ያላለፈ ፕሮፎርማ ካልቀረበላችሁ ማመልከቻ አትቀበሉም፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ሬሳ ይዞ ብድር የሚጠይቅ ማን ነው? ከተቀበላችሁ በኋላ ግን ኮሚቴው የሚሰበሰበው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። በሒሳብ ደካማ ብሆንም፣ ሰባት ቀን ብቻ የሚኖር ፍጡር ሁለተኛ ሳምንቱን እንዴት እንደሚያከብር ብዙ አስቤበት መልስ አላገኘሁም። የመስኮቱ ሠራተኛ ግን ፈጣን መልስ ነበራት፤ «አዲስ ያምጡ» አለችኝ። አመጣሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ፕሮፎርማ ቀብሬአለሁ። በመሳቢያዬ ውስጥ በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ተደርድረዋል፤ የዚህ ቤተሰብ ልዩ ጠባይ ታናሹ ሁልጊዜ ከታላቁ መብለጡ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ዋጋው። በመጀመሪያው ፕሮፎርማ ዕለት የእኔ ቁጠባና የአባቴ የጡረታ ገንዘብ ተደምሮ መኪናዋን ከፊት መብራቷ እስከ ሾፌሩ ወንበር መደገፊያ ድረስ ይገዛ ነበር፤ ከወንበሩ ወዲያ ያለውን እናንተ ታሟሉታላችሁ። በሦስተኛው ፕሮፎርማ ወንበሩ ከእጃችን ወጣ። በስድስተኛው መሪውን አጣን። መኪናዋ ከቆመችበት መስታወት ቤት ንቅንቅ አላለችም፤ እየራቀች ያለችው ግን እሷ ናት። እኛ በየወሩ እንጨምራለን፤ እሷ በየሳምንቱ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ስፈታ አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠይቀኛል፤

«ዛሬ የት ደረስን?»

«ዳሽቦርዱ ጋ ነን፣ አባዬ።»

«መሪውስ?»

«መሪው ወጣ።»

«በል ፍሬኑን እንኳ አትልቀቅ።»

ሻጩን ምክንያቱን ብጠይቀው «ምንዛሪው ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ምንዛሪው የወረደ ሰሞን ሄጄ፣ አሁንስ ብለው፣ «ይቺ እኮ ምንዛሪው ውድ በነበረ ጊዜ የገባች ናት» አለኝ። መኪናዋ ግን በሁለቱም ቀን ያቺው መኪና ነበረች፤ በግራ መስታወቷ ላይ ያለውን የጣት አሻራ አውቀዋለሁ። የእኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርጫ ብዛት። እናንተ ወለዱ ተለዋዋጭ የሆነ የአምስት ዓመት ብድር አላችሁ። መለዋወጥ ሲባል የዋህ ሆኜ ወደ ታችም ያለ መስሎኝ ነበር። ወርኃዊ ክፍያው ከደመወዜ ሲሶ በላይ ስለሚሆን የእናንተ አማካሪ በትሕትና «ደመወዝዎ ትንሽ ከፍ ቢል ጥሩ ነበር» ብለው መከሩኝ፤ ምክሩን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለአለቃዬ አስተላልፌዋለሁ፤ አለቃዬም ለእናንተ ሰላምታ ልኳል። ከዚያ ሻጩ ራሱ «ወለድ የለሽ» የሚለውን አከፋፈል አየሁ። ግማሹን በቅድሚያ፣ ቀሪውን በሦስት ዓመት ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል የአገልግሎት ክፍያ የሚል መስመር አለ፤ ደቃቅ ፊደል ማንበብ እንጀራዬ ነውና አመለጠኝ አልልም። የምን አገልግሎት ነው ብዬ ብጠይቅ ሻጩ ትንሽ አሰብ አድርጎ «የወለድ የለሽነቱ» አለኝ።

ሁለቱን በሰንጠረዥ አስቀምጬ፣ በእርሳስም በእስክሪብቶም አወዳድሬአለሁ። ባንኩ በመጨረሻው ላይ ይጎዳኛል፤ ሻጩ ገና ከመነሻው። ከድጡ ወደ ማጡ ይባላል እንጂ፣ ድጡና ማጡ ጎን ለጎን ቢሮ ከፍተው «የቱ ይሻልዎታል?» ሲሉ የእኔ የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ እናንተን መረጥሁ። ምክንያቱም የእናንተ መጠበቂያ ወንበር መደገፊያ አለው።

አራተኛው የእኔ ጥፋት ነው። ስለ እናንተ ስጽፍ የራሴን መደበቅ ስለማይገባኝ እዚሁ መሐል አስገብቼዋለሁ።

በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ጨረቃ ፀሐይን እንደምትጋርድበት ዓይነት ቀን፣ ሁሉም ገጠመ። ማክሰኞ የወጣ ፕሮፎርማ ረቡዕ ገባ፤ ሐሙስ ኮሚቴው ሙሉ ሆኖ ተሰበሰበ፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የብድር ደብዳቤው በእጄ ነበር። ፕሮፎርማው ሰባተኛ ቀኑን ይዟል፤ መሸጫው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። አባቴ የሾፌርነቱን ኮት ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ የቁልፍ መያዣውን በእጁ ይዞ መሸጫው ውስጥ ከመኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ደብዳቤውን አውቶቡስ ውስጥ አነበብሁት። «የጠየቁት ብድር እንዲሰጥዎ ተወስዷል» ይላል። ተወስኗል ለማለት ነው። አንድ ፊደል ናት፤ በኗ ፋንታ ዷ። ሌላ ሰው ቢሆን እንኳን ሊያርማት አያያትም። እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት የተሠራሁበት ነገር ነው፤ ልብ ሳልል እጄ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። ዷን ሠረዝሁ፤ ከላይ ኗን ጻፍሁ፤ በሙያችን ደንብ መሠረትም በኅዳጉ ላይ ፈረምሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ንጹሕ ደብዳቤ ይዤ ልገባ ነው።

የመሸጫው ገንዘብ ያዥ ወረቀቱን አየችና መልሳ ገፋችልኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ስርዝ ድልዝ አለበት። አልቀበልም።»

«ስርዝ ድልዝ ሳይሆን እርማት ነው» አልኋት።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«በእኛ ሙያ ትልቅ ነው።»

«እንዳለ ቢያመጡት እኮ ማንም አያነበውም ነበር። እኛ የምናየው ማህተሙን ነው።»

አባቴ ሁሉንም ሰምቷል። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፤ ከዚያ ራቅ አደረገው፤ ከዚያ መለሰልኝ።

«መጀመሪያ ምን ይል ነበር?»

«ተወስዷል ይል ነበር።»

«ታዲያ ምን ነካህ፣ ልጄ? ልክ ነበር እኮ።»

መኪናዋን በእጁ መዳፍ አንዴ ቸብ አደረጋትና ክራባቱን እያላላ ወጣ። አዲስ ደብዳቤ ለማጻፍ ዘጠኝ የሥራ ቀን ወሰደ፤ በሦስተኛው ቀን ዋጋው ጨመረ፤ የፈቀዳችሁልኝም ብድር ከአዲሱ ዋጋ አልደርስ ስላለ ጉዳዩ ከመጀመሪያው እንዲታይ ተመለሰ። ስለዚህ ጉዳይ ማንንም አልከስም። ስህተት የጻፈው የእናንተ ሰው ነው፤ ያበላሸው ግን ትክክሉን የጻፈው ነው።

አምስተኛ የሚባል ነበር። ከመላኬ በፊት አውጥቼዋለሁ፤ ይህም ደብዳቤ ስርዝ ድልዝ አለበት ተብሎ እንዳይመለስብኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ በደንቡ መሠረት ጥያቄዬን ማቅረብ ነበረብኝ፤ ምን እንደምጠይቅዎ ግን አላውቅም። ኮሚቴው በየሳምንቱ ይሰብሰብ እንዳልል፣ አባላቱ ሥራ እንደሚበዛባቸው ተነግሮኛል። ፕሮፎርማው ሁለት ሳምንት ይኑር ብዬ ሻጩን ብለምነው «እንዲያውም ወደ ሦስት ቀን ሊወርድ ነው» ብሎ አጽናናኝ። ዋጋው ባለበት ይቁም ለማለት ማን ዘንድ እንደሚኬድ በየመሥሪያ ቤቱ ጠይቄ፣ ሁሉም ወደ ቀጣዩ ቢሮ እየመሩኝ ዞሬ ዞሬ የተመለስሁት እናንተው በር ላይ ነው። እናንተ ደንብ አላችሁ፤ ሻጩ ምንዛሪ አለው፤ ሐኪሙ መነጽር አለው። እኔ ያለኝ ወረፋ ነው። እስከዚያው ቁጥሬ በተጠራ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ «አዲስ ያምጡ» ስባልም እሺ ብዬ እወጣለሁ፤ ከአሥራ አራት ወር በኋላ እሺ የሚለው ቃል ከአፌ ሳይሆን ከጉልበቴ መውጣት ጀምሯል።

ስላስተማራችሁኝ ትዕግሥት፣ ስላስለመዳችሁኝ ወንበር፣ ሰባት ቀን ምን ያህል አጭር፣ አሥራ አምስት ቀን ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ስላሳያችሁኝ፣ ቤተሰቤ ለውለታችሁ ወሰን አጥቶለታል።

ከማይናወጥ አክብሮትና እየተናወጠ ካለው ቅድሚያ ክፍያ ጋር፣

አሁንም ያለው ሰውዬ
ከአራተኛው መስኮት ፊት ለፊት፣ ከግራ ሁለተኛው፣ እግሩ የሚነቃነቀው ወንበር

ግልባጭ፦
ለመኪና ሻጩ ድርጅት፣ የሽያጭ ክፍል (በሰባት ቀን ውስጥ ቢነበብ)
ለኮሚቴው አባል፣ ከጉሮሮ ምሕረት ጋር
ለአባቴ (እኔው አነብለታለሁ)

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ወር «ለታጋሽ ደንበኞቻችን» ብላችሁ ስለሰጣችሁኝ የግድግዳ ሰዓት ሳላመሰግን ቀርቻለሁ። ግሩም ሰዓት ነው። አንድም ደቂቃ አያዛባም፤ ቁጥሮቹም እያንዳንዳቸው የጡጫ ያህል ናቸው፤ ከመንገድ ማዶ ያሉ ጎረቤቶቻችን በመስኮት እያዩ ሰዓታቸውን ይሞሉበታል። ሳሎን ውስጥ፣ ከአባቴ ወንበር ትይዩ፣ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ሰቅዬዋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ አባቴ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ፊቱን ወደ ሰዓቱ እንዳቀና፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ።