ወይዘሮ ፋንታዬን ለማያውቀው ኮምፒውተር አለቃ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ
ሲያትል
ረቡዕ፣ ማርች 14 ቀን 2012

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና ከሁላችንም አብልጠው የሚያምኑትን የኮምፒውተርዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ በቱክዊላ የምኖር ናኦድ አማረ የተባልኩ ታክሲ ነጂ ስሆን፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ላፕቶፔን ከፍቼ ኮምፒውተር ለማይችሉ ወገኖቼ ሬዙሜ፣ ማለትም የሥራ ልምድ መግለጫ፣ እጽፋለሁ። ይህን የምነግርዎ ጥፋቴን ከመናዘዜ በፊት ማን እንደሆንኩ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ሆስፒታልዎ የጽዳቱን ሥራ ከኮንትራክተሩ ተረክቦ በራሱ ሊያሠራ መወሰኑን፣ ነባሮቹም ሠራተኞች እንደ አዲስ በድረ ገጽ እንዲያመለክቱ ማዘዙን ሰምተን አመስግነናል። አራተኛ ፎቅዎን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጸዱት የቡሪየን ነዋሪዋ ወይዘሮ ፋንታዬ፣ ያንኑ ሥራ ይችሉት እንደሆነ በኢንተርኔት መጠየቃቸው የሥልጣኔ ምልክት ነውና ቅር አላለንም። ቅር ያሉን ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፤

፩ኛ/ ከሠራተኞችዎ ሰባቱ እኔ ዘንድ ሲመጡ ኢሜይል ያለው አንድም ሰው ስላልነበረ፣ የሁሉንም ማመልከቻ በራሴ ኢሜይል አስገባሁ። ባደግሁበት ሰፈር አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ለጎረቤቱ ሁሉ ያገለግል ነበር፤ ደብዳቤም ባለቤቱን ስቶ አያውቅም። ኮምፒውተርዎ ግን ሰባቱን ሰዎች አንድ ሰው፣ ያንንም አንድ ሰው እኔን አድርጎ መዘገበ።

፪ኛ/ በዚህም መሠረት የሰባቱን የሥራ ልምድ ደምሮ፣ በገዛ ቤቴ እንኳ መጥረጊያ ጨብጬ የማላውቀውን እኔን (ባለቤቴ ጸጋ ምስክር ናት) እጅግ ብቁ አመልካች ብሎ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ስለተደረገልኝ አክብሮት ከልብ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ፋንታዬ ሲያስጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ግን በስማቸው የቀረበ ማመልከቻ የለም የሚል ነው። መልሱን ሳነብላቸው፣ «ሶ፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ የነበረው ማን ነው ታዲያ ናኦዴ?» አሉኝ። አፈርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነውና እስካሁን ዓይናቸውን ማየት ይከብደኛል።

፫ኛ/ ስህተቴን ለማረም ስደውል የሚያነሣው የተቀዳ ድምፅ ወደ ድረ ገጹ ይመራኛል፤ ድረ ገጹም መልሶ ወደ ስልኩ ይሰደኛል። አራተኛ ፎቅ ድረስ በአካል ብመጣ ጸሐፊዎ በመልካም ፈገግታ ያለ ቀጠሮ እንደማይገባ፣ ቀጠሮም የሚያዘው በኢሜይል ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ። በየትኛው ኢሜይል እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ፋንታዬ ቁልፋቸውን አስረክበው ይሰናበታሉ፤ የባለቤታቸው የአቶ መንግሥቴ የስኳር መድኃኒት የሚሸፈነውም በዚሁ ሥራ በሚገኝ የጤና መድን ነው። ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ፣ ለአንድ አፍታ ዓይንዎን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥተው እኚህን ሴት እንዲያዩአቸው ብቻ ነው። ከሩቅ ቦታ አይፈልጓቸው፤ በየቀኑ በአጠገባቸው ያልፋሉ።

በኮምፒውተርዎ ምስክርነት ከሲያትል የጽዳት ሠራተኞች ሁሉ የላቅሁት፣ የመወልወያው ባልዲ የት እንደሚቀመጥ ግን የማላውቀው፣

ምንጊዜም አክባሪዎ
ናኦድ አማረ

ማሳሰቢያ፦ ልጄ ኖላዊት ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችውን የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በድረ ገጽዎ ብልከው፣ ይህ አመልካች ቀድሞ ተመዝግቧል ተብዬ ተመልሶብኛል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ቢሮዎ ሲገቡ በተወለወለው ጠረጴዛዎ ላይ ያገኙታል። ያስቀመጡልዎ የቆሻሻ ቅርጫትዎን ሊያራግፉ የገቡት፣ በስማቸው ምንም ማመልከቻ የሌለ ሴት ናቸው፤ የቢሮዎ ቁልፍ እስከ ዓርብ በእጃቸው ነው።