ዝም ብለው ይተኩሱ

ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ለምወድህ፣ ምክር ለማትሰማው ልጄ፤

ሳልህ ለቀቀህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። «ትኬት ቆርጫለሁ፤ መጥቼ የአባቴን ደም እመልሳለሁ» ያልክበትን ደብዳቤ አነበብኩት። ግትርነትህ ቁርጥ አባትህን ነው። እንግዲህ ቁጭ በልና ስማኝ፤ ወርቅ ጥርስ የምንለው ያ የአባትህ ገዳይ እጄ ላይ ወደቀ።

ያኔ እሱ የመጋዘኑ የጠመንጃ ጥገና ሹም ነበር። አባትህ የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ ሲቀጠር የተሰጠውን አሮጌ የወታደር ጠመንጃ «ጤነኛ ነው፣ ዝም ብለህ ተኩስ» ብሎ ያስረከበው እሱ ነው። ፈትሾ እንዳይመስልህ፤ ሻዩን እየጠጣ ከሩቅ ነው ያየው። ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው መቀርቀሪያ ጥርሱ ተሰንጥቆ ነበር። በመጀመሪያው ተኩስ ተስፈንጥሮ አባትህን ፊቱ ላይ መትቶ ገደለው። ለእኔ ማጽናኛ ብለው እዚያው የጽዳት ሥራ ሰጡኝ፤ የገዳዩን ጠረጴዛ ስወለውል ሙያውን ለቀምኩ። ዛሬ ፈታሿ እኔ ነኝ።

እሱ ጡረታ ወጥቶ ኑሮ ሲከብደው ጥበቃ ልሁን ብሎ መጣ። የት መሰለህ? አባትህ በቆመበት በር! ደንቡ ያው ነው፤ ጠመንጃው ይፈተሻል፣ ተቀጣሪው በአለቃው ፊት አንዴ ይተኩሳል፣ ያልተኮሰ አይቀጠርም። የደረሰው ጠመንጃ የአባትህ ዓይነት ነው። ያን የተረገመ መቀርቀሪያ ደግሞ እስከዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር። ልክ ይገባል፤ ከተዘጋ በኋላ ጉዳቱን ማንም አያይበትም። ጠዋት አውጥቼ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ጥይት አለመኖሩን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ። የጠመንጃውን መቀርቀሪያ መዝዤ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከርኩት፤ ጠርጌ አደረቅኩትና ጠመኔ ነሰነስኩበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ተመልሶ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ያሰምራል። «ውጣ! ውጣ!» እያልኩ ጠበቅኩ። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጤነኛ! ደሜ ፈላ። ኪሴን ዳበስኩ፤ ደግሜ ዳበስኩ። በመጨረሻ የራሱን መልሼ ገጠምኩለት፤ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ እንከን የለውም።

በሰው ፊት አቀበልኩትና «ጤነኛ ነው ጋሼ፣ ዝም ብለው ይተኩሱ» አልኩት።

ቃሉን አወቀው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«በደንብ አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«እስቲ በልጅሽ ማይልኝ!»

«እርስዎ ለባሌ ምለውለት ነበር?»

ጠመንጃውን አነሳ። ጉንጩን ሊያስደግፍ ብሎ ፊቱን መልሶ አራቀ። አለቃው «ምነው አባት፣ ይተኩሱ እንጂ!» ሲለው ጥበቃዎቹ ሳቁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና «አልችልም» አለ።

ያኔ እኔ አነሳሁት። ጉንጬን ሰደፉ ላይ ለጥፌ ተኮስኩ። ለዒላማ የቆመው ቆርቆሮ ዘለለ፤ እኔ ምንም አልሆንኩም።

ወርቅ ጥርስ ጆሮውን እንደያዘ ቀርቷል። «ለካ እውነትሽን ነበር» አለኝ። «እኔ አንቺን ብሆን...» ብሎ አልጨረሰውም። ሥራውንም ክብሩንም ጥሎ፣ እያለቀሰ በዚያው በር ወጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ልጄ! አላዘንኩለትም፤ ነገም አላዝንለትም።

ስለዚህ ለእሱ ብለህ ከሆነ ትኬቱን መልስ። ለእኔ ብለህ ከሆነ ና፤ አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። የለፋህበት ይባረክልህ፤ ክፉ አይይህ፤ እጅህን ከደም ይጠብቅልኝ።

እናትህ

ኪሴ ውስጥ የነበረውን ብረት ዛሬ ብየዳ ቤት ወስጄ፣ ዓይኔ እያየ ለሁለት አስቆረጥኩት። ስትመጣ እንዳታገኘው ብዬ ነው። እኔም እንዳላገኘው።