ወንዝ የነበረው ጎዳና

ውድ ወንድሜ ሰርፀ፣

እሑድ ስናወራ ድምፄ የጠፋብህ ኔትወርኩ ተበላሽቶ አልነበረም። አሁን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍልህ፤ በቃል መናገሩ ከበደኝ።

ሚስተር ዶኖቫን እዚሁ አትላንታ ዳር፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የምንከባከባቸው አዛውንት ነበሩ። አንተ የምትኖርባት የኮርክ ከተማ ተወላጅ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ የዚያች ከተማ መንገዶችና ሕንፃዎች ሆነ። ከፋሲካ በፊት አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥር፣ «ትልቁ ጎዳና እኮ ውኃ ነው፤ ጀልባዎቹን ሱቆቹ ደጃፍ ላይ ያስሯቸዋል» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ሰዓትም በአራቱም ፊቱ የተለያየ ሰዓት ያሳያል አሉ።

እንግሊዝኛቸው ግማሹ ያመልጠኛል። የሚያወሩት ስለ ድሮው ይሁን ስለ ዛሬው አላጣራሁም። ደብል ሺፍት፣ በቀን ሁለት ፈረቃ፣ እየሠራሁ ነበር፤ አንዲት ጥያቄ ከጠየቅኳቸው አንድ ሰዓት ያወራሉ፤ ኢስት ፖይንት ደግሞ የምንከባከባቸው ሌላ ሴትዮ ይጠብቁኛል። የዕለቱ ሪፖርት ላይ «የሌለ ነገር ያወራሉ፤ ግራ ተጋብተዋል» ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱም ደገምኩት። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ልጃቸው ኬት አነበበችው። ወር ሳይሞላ ዲኬተር ያለ ናርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አስገባቻቸው።

እሑድ ይህንን እንደ ቀልድ ስነግርህ አልሣቅህም። «የምሥራች፣ ሰውዬው እኮ እውነታቸውን ነው» አልከኝ። «ፓትሪክ ጎዳና ድሮ ወንዝ ነበር፤ ሸፍነውት ነው መንገድ የሆነው። የሻንደን ቤተ ክርስቲያንን የማማ ሰዓትማ ሰው ሁሉ አራት ፊት ያለው ውሸታም ነው የሚለው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ መኖሪያ ወረቀትህ፣ ስለ ሥራህ ጠይቄሃለሁ። ከተማህ ምን ትመስላለች ብዬህ ግን አላውቅም።

ሰኞ ለኬት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ቤቱ እኮ ተሸጧል» አለችኝ።

ዛሬ ዲኬተር ሄድኩ። ሰው ያለበሳቸው ሹራብ በግልባጩ ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። አስተካከልኩላቸውና እጃቸውን ያዝኩ።

«ሚስተር ዶኖቫን፣ ግራ ተጋብተዋል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላመንኩዎትም።»

እጃቸውን ከእጄ አወጡ።

«ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ድክም ባለ ድምፅ ነው ያሉት።

የሚሉት እውነት እንደሆነ የነገረኝ ኮርክ የሚኖር ወንድሜ ነው አልኳቸው። ቀና አሉ።

«የትኛው መንገድ ላይ ነው የሚኖረው?»

አላውቀውም፣ ሰርፀ። የወንድሜን ሰፈር ስም አላውቀውም። እንደማላውቅ ሲገባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እስክወጣም ወደ እኔ አልዞሩም።

ነገ ጠዋት ለቀጠረኝ ድርጅት «ሪፖርቱ ላይ የጻፍኩት ስህተት ነው» ብዬ ፈርሜ እሰጣለሁ። «ሌሎቹስ ሪፖርቶችሽ?» ብለው ሥራዬን ሊያሳጡኝ ይችላሉ። ያድርጉት። ይህ እሳቸውን ወደ ቤታቸው እንደማይመልሳቸው አውቃለሁ።

ቅዳሜ እንደገና እሄዳለሁ። ያናግሩኝ አያናግሩኝ እንጃ። አንተ ግን የምትኖርበትን መንገድ ስም ጻፍልኝ፤ ማን እንደሠራው፣ ስንት ጊዜ እንደፈረሰ፣ ጎረቤቶችህ ስለሱ የሚሉትን ሁሉ። ካላወቅህ ሽማግሌ ጠይቅ። በጣም ደክሞኛል፤ ቢሆንም ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።

ያልጠየቀችህ እህትህ፣
የምሥራች
አትላንታ