ብሎክ ውስጥ ያስቀመጥከው ቃል

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ለአኩራፊው ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ይዞህ የነበረው ሕመም ለቀቀህ ወይ? የሥራ ተራህንስ ቀየሩልህ? አደራህን፣ ባዶ ሆድህን ሥራ አትግባ። እኛ በጠቅላላው ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆነውንም ከአንተ ደብቄ የት አደርሰዋለሁ ብዬ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

አባባ መርሳቱ ብሶበታል። ባለፈው ወር ደውለህ እያለቀስክ ይቅርታ ስትጠይቀው መርቆህ አልነበር? በማግስቱ ምኑም ትዝ አላለውም። የድሮውን ግን አብዛኛውን ይዞታል። የዛሬ ሦስት ዓመት ተናደህ፣ ብሎክቼይን በሚሉት የክሪፕቶ ገንዘብ የኮምፒውተር መዝገብ ላይ አጽፈህ የላክህለትን የብሎክ ቁጥርማ እንደ ገዛ ስሙ ነው የሚጠራው።

ያኔ ቁጥሩን ይዞ ጎረቤታችን ስልክ ጠጋኙ ዘንድ ሄደ። ጠጋኙ ከፍቶ አሳየው፤ ብሎኩ የታሸገበት ቀንና ሰዓት፣ ከሱ በፊት ካለው ብሎክ የተወሰደ መለያ አሻራ፣ ከማን ወደ ማን ስንት ክሪፕቶ እንደሄደ፣ ሰዎቹም በስም ሳይሆን በረጃጅም ፊደልና ቁጥር። ከነዚያ በአንዱ ሥር ያንተ ቃል ተሸጉጧል፤ ከእንግዲህ አባት የለኝም ይላል። ለማስጻፊያ የከፈልከው ሳይቀር ሰፍሯል። ሰው ከፍሎ ይሳደባል እንዴ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ አባባ ግን አልሳቀም።

መቼም ዕድሜውን ሙሉ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ ፊደል ሲሳሳት ቀለም ደርቦበት ያልፋል። ስለዚህ ግድግዳው የት እንደሆነ ንገረኝና ሄጄ ላጥፋው አለው። ጠጋኙም አንድ ግድግዳ የለውም፣ በየአገሩ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ እኩል ተቀምጧል፣ ቀጥሎ የመጣው ብሎክም የዚህን አሻራ ስለያዘ አንዲት ፊደል ብትነካ የኋለኞቹ ሁሉ አይገጥሙም፣ ማንም አይቀበልህም አለው።

አሁን በየቀኑ ከምሳ በኋላ ስልኬን ይጠይቀኛል። ቁጥሩን ከራስጌው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ጽፎታል። አንድ ቀን ተኝቶ ሳለ ነጭ ቀባሁበት፤ ሲነቃ ብሩሹን አንስቶ በዚያው በሚያምር ጽሕፈቱ መልሶ ጻፈው። ብከለክለው እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ ብሰጠው ያነበዋል። ለእሱ ዛሬ የመጣ ነገር ነው፣ ወንድሜ። በየቀኑ እንደ አዲስ ይመታዋል፣ እማማም ላለማየት ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሌላ ብሎክ ላይ ይቅርታ ጽፌያለሁ፣ እሱን አሳዪው ብለኸኝ አሳየሁት። ደስ አለው። ከዚያ ግን የፊተኛውን የሚያነብ ሰው ይሄኛውን አብሮ ያያል ወይ አለኝ። በመካከላቸው ስንትና ስንት ብሎክ አለ፣ አያይም አልኩት። በማግስቱ የሁለተኛውን ቁጥር ሳነሳበት የማላውቀውን ምን ትነግሪኛለሽ ብሎ ተቆጣኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ወለምታ ግን ምን ያሸዋል?

ምን በድዬው ነው ይለኛል። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የተጣላችሁበት ነገር ግን እዚያ ላይ የለም። ስትሄድ አልሸኝም ብሎህ እንደነበር ብነግረው፣ ሻንጣውን ተሸክሜ የሸኘሁት እኔ አይደለሁም ወይ ብሎ ይምልልኛል። ምን ብዬ ልከራከረው? ና እንዳልልህ የመኖሪያ ወረቀትህ አላለቀም፤ አጥፋው እንዳልልህ አይጠፋም። ጨንቆኝ ነው የጻፍኩልህ።

እማማ ግንባርህን ትስማለች፣ ቀጥነሃል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች። ታናሿ እህታችን ፈተናዋን አልፋለች፤ የጫማዋን ነገር አደራ ትልሃለች። ጠጋኙም ሰላም ብሎሃል፣ ሁለተኛ ሲናደድ በእርሳስ ይጻፍ ብሏል።

አባባም ናፍቀኸዋል፤ ልጄን ሳሚልኝ ብሎኛል። ይህን ሰላምታ የተቀበልኩት ጠዋት ነው፣ ገና ስልኩን ሳይጠይቀኝ።

እህትህ እታለም
ከአባባ ክፍል ደጃፍ
ኅዳር ፲፬ ቀን