ያልተደረገው ሁለተኛ ዙር

እሑድ፣ ሰኔ 8

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ደህና ነኝ ይላል። በስልክ ድምፁን ሰምተሽ "ምን ሆኗል?" ስትዪኝ አጠገቤ ስለነበር አፌን ያዝኩ። አሁን መሰላል ተውሶ ስለወጣ ልንገርሽ።

ሐሙስ የፋብሪካችን የሠራተኛ ማኅበር ምርጫ ነበር። ሦስት ሰዎች ለሊቀመንበርነት ተወዳደሩ። አንደኛው አንቺ ያደግሽበትን የፋብሪካውን የሕፃናት ማቆያ መጋዘን ለማድረግ ከአስተዳደሩ ጋር የተስማማው የፈረቃ አለቃ ነው። ሁለተኛው ለሁሉም ነገር "ይደርሳል" ስለሚል ስሙ ይደርሳል ሆኖ የቀረው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ነው። እሱ ማቆያውን አይዘጋም፤ ጣሪያው ቢያፈስም ግን አያስጠግንም። ሦስተኛው አባትሽ።

ድሮ በአንድ ዙር ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ሰው የሚወደውን ትቶ፣ የሚፈራውን ይጥልልኛል ያለውን ይመርጥ ነበር። አባትሽ ስንት ዓመት ተሟግቶ ደንቡን አስለወጠ፤ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እንደገና ይወዳደራሉ። "መጀመሪያ የልባችሁን ምረጡ፤ የምትፈሩትን በሁለተኛው ዙር ትጥሉታላችሁ" እያለ በየማሽኑ ዞረ። ሁሉም እሺ አለው።

ሲቆጠር ይደርሳል ከግማሽ በላይ አገኘ። ሁለተኛ ዙር ቀረ። አባትሽ ያገኘው አንዲት ድምፅ ብቻ ነው።

አሁን በር ላይ ያገኘው ሁሉ እጁን ይዞ፣ "ልቤስ ካንተ ጋር ነበር፤ ማቆያው ቢዘጋብንስ ብዬ ፈራሁ" ይለዋል። አብራኝ የምትፈትለው ልጅማ ሕፃኗን እንዳዘለች ፊቱ አለቀሰች፤ ማባበሉም ለሱ ተረፈ።

እኔ ግን ተቃጠልኩ። ቤት ገብተን "ይበላቸው፣ ጣሪያው ያፍስስባቸው!" ስል ጫማውን እያወለቀ፣

"ተያቸው። እኔም ይደርሳልን ነው የመረጥኩት" አለኝ። "ወረቀቱን ስይዝ ሕፃናቱ ታዩኝ።"

አንጀቴን በላው።

ያቺን አንዲት ድምፅ ማን እንደሰጠው አልጠየቀኝም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ከኔ ቀድሞ እየተነሳ ሻይ ያፈላልኛል፤ ምሳዬንም ይቋጥርልኛል።

መሰላሉን የተዋሰው የማቆያውን ጣሪያ ሊደፍን ነው። ስትደውዪ ስለ ምርጫው አታንሺበት፤ ስለ ጣሪያው ጠይቂው።

እግዜር ከክፉ ይሰውርሽ፤ የምትወጂውን ሳትፈሪ የምትመርጪ ያድርግሽ።

የምትሳሳልሽ እናትሽ