ዳንቴል ለብሶ የተቆለፈው ስልካችን

ለተከበሩ የቀበሌያችን የመረጃ ማዕከል ኃላፊ ለአቶ ወንዳፈረው
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከባለቤቴ ከረምላ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ አላህ ይመስገን። ይህን የምጽፈውም ላመሰግንዎ ነው።

፩ኛ. ከሆመቾ ከተማ በላይ ላለችው፣ ሌላ ስልክ ለሌላት ቀበሌያችን በሶላር የሚሠራ ስልክና ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ቤቱን ድንጋይ ተሸክመን የሠራነው እኛ ብንሆንም፣ ዕቃው አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል አልብሰው ስለቆለፉልን እናመሰግናለን። ከበላይ አካል እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይዘጋል። ረምላ ግን የዋህ ነበረችና፣ ስወልድ ለወንድሜ ለፉአድ በዚህ ስልክ አበስረዋለሁ ትል ነበር።

፪ኛ. ምጥ በጠናባት ዕለት እርስዎ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው፣ ሆሳዕና ላይ ቴክኖሎጂ ለዘላቂ ልማት ስላለው ሚና ስልጠና ይወስዱ ነበር። ስልጠናው የተሳካ እንደነበር ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ፉአድም እዚያው ሆሳዕና መናኸሪያ መኪናውን አቁሞ፣ ሞባይሉን በኪሱ ይዞ ተሳፋሪ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎቻችን በተቆለፈው የማዕከሉ በር ፊት ቆመው ከተመካከሩ በኋላ የመንግሥት ንብረት አይሰበርም አሉ፤ ይህን ጨዋነታችንን በሪፖርትዎ እንዲያሰፍሩልን እለምናለሁ። ጎረቤቶቼ በቃሬዛ እየተፈራረቁ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያወርዷት መንገድ ላይ ዝም አለች። ልጃችንም ከሆዷ ሳይወጣ አብሯት ሄደ።

፫ኛ. በማግስቱ ማለዳ ከስልጠና ተመልሰው ለቅሶ ስለደረሱንና ለዘመድ እንድንደውል ማዕከሉን ስለከፈቱልን ውለታዎ አይረሳኝም። ዳንቴሉን በገዛ እጅዎ አነሱልኝ። ስልኩ ወዲያው ሠራ፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር። ተበላሽቶ ባገኘው እንዴት በቀለለኝ!

መርዶ በስልክ አይነገርምና፣ እንደ ወጉ፣ ታማለች፣ ቶሎ ድረስ አልኩት። ፉአድም አመነኝ። ሆስፒታል ሊያደርሳት መኪናው ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ፣ ቀብር ሳንወጣ ደጃችን ደረሰ። ያን ፍራሽ ባየሁ ጊዜ የሆንኩትን ለመጻፍ አቅም የለኝም።

ማዕከልዎ ለዘለዓለም እንደ አዲስ ሆኖ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የማዕከሉ የመጀመሪያ ተጠቃሚ
ሸምሱ

ተጨማሪ፦ ፉአድ ስልክ ካላችሁ በዋዜማው ለምን አልደወላችሁም እያለ እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። እኔ ስልጠና ስላልወሰድኩ መልሱን አላውቀውም። እባክዎ እርስዎ ደውለው ይንገሩልኝ፤ ቁልፉ እንደሆነ በእጅዎ ነው።